እሳት የጫርኩበት ገል

ኅዳር ገብቶ በርበሬ መድረቅ ሲጀምር አፍንጫዬ ከእኔ ቀድሞ ቡሬ ይገባል። ልጄ እናኑ እዚያው ቡሬ ትነግዳለች፤ በየዓመቱ በዚህ ሰሞን አንድ ጆንያ ዛላ በርበሬ ሚኒባስ ላይ አስጭና ፍኖተ ሰላም ድረስ ትልክልኛለች። ዘንድሮም ደረሰኝ። ግቢዬ ውስጥ ሰሌን አንጥፌ፣ በርበሬውን ዘርግቼ፣ ነጭ የመታውን ከቀዩ እየለየሁ፣ እያነጠስኩ ተቀምጬ ሳለ ትዕግሥት ስልኳን ይዛ ገባች። ትዕግሥት የጎረቤቴ ምራት ናት። መልካም ልጅ ናት፤ ክፋቷ የሰማችውን ሁሉ ማመኗ ነው። «እማማ ብርጓል፣ ይቺን ይስሙልኝማ» ብላ ስልኩን ጆሮዬ ሥር ደቀነችው። ድምፁ የወንድ ነው፤ ወፈር ያለ፣ ዋሻ ውስጥ ሆኖ የሚናገር የሚመስል። ማን እንደሆነ አይናገርም፣ መልኩም አይታይም። «በየሰፈራችሁ ዓይኗ ሰው የሚያደርቅ ሴት አለች፤ ተገልጦልኛል! ደጇን የረገጠ፣ ሰላም ያላት፣ ከእጇ የበላ ወዮለት! ይህን ሰምቶ ለሰባት ሰው ያላስተላለፈ...» አለና እርግማኑን ያወርደው ጀመር። ደግሞ ምንም አይደክመው።

«እና ሴቲቱ ማን ሆነች?» አልኳት። ትዕግሥት ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አበባ ናት ይላሉ፣ እማማ። ያቺ ጠላ የምትሸጠዋ። ልጄን ሳመችው፤ ከዚያ ወዲህ ሳሉ አልለቀው አለ።» ሐኪም ቤት ወስደሽው ነበር ወይ ብላት ወስጄዋለሁ፣ ብርድ ነው አሉኝ አለች። የሐኪሙ ቃል አልጣማትም፣ የስልኩ ቃል ጣማት። የሰፈሩ ሴቶች ተነጋግረው ጨርሰዋል፤ ከዛሬ ወዲያ ከአበባ ጋር ሰላምታ የለም፣ ጠላዋ አይጠጣም፣ ቤቱን ያከራያትም ሰው እንዲያስወጣት ይነገረዋል። የቀረው የእኔ እሺታ ነው፤ በዕድሜ እኔ እበልጣለሁና። «ወደ ማምሻው መጥቼ መልስዎን እወስዳለሁ» ብላኝ ወደሚቀጥለው ደጅ እየተጣደፈች ሄደች። አበባ ከሽንዲ በኩል የመጣች ብቸኛ ሴት ናት። ዘመድ የላትም፣ የሚቆምላት የላትም። እኔ ደግሞ በርበሬዬን ይዤ ቀረሁ፤ ግን እጄ እንጂ ልቤ እዚያ አልነበረም። እንዲህ ያለ ድምፅ ስሰማ የመጀመሪያዬ አይደለማ!

ዘመኑን ዓመተ ምሕረት እየጠራሁ አላሰላውም። ኮንጎ ጫማ ለክት ብቻ የሚወጣበት፣ እኛ ሴቶቹ አረንጓዴ ሽንሽን ቀሚስ በመቀነት ጥፍር አድርገን የምንታጠቅበት፣ ወንዱ ቁምጣውን ለብሶ ጋቢውን ጣል አድርጎ ዱላውን ትከሻው ላይ የሚያጋድምበት ጊዜ ነው። ቤታችን ከቡሬ ወደ ሽንዲ የሚወስደውን መንገድ ይዞ ገባ ብሎ ነበር፤ ከሚካኤል ደብር በታች። ባሌ ሙላት በርበሬ ያለማ ነበር፤ በእኛ አገር በርበሬ ያለው ሰው ቀና ብሎ ይሄዳል። ኅዳር ላይ ማሳው ቀልቶ፣ አውድማው ቀልቶ፣ የሣር ቤቱ ጣሪያ ሳይቀር ዛላ ተሰጥቶበት ቀልቶ፣ አገሩ በሙሉ ሲያነጥስ ይውላል። ስንለቅም እንዘፍናለን። አንዷ ታወርዳለች፣ ሌሎቻችን እንቀበላለን፦

ማሳው ቀይ ለበሰ፣ ደረሰ በርበሬ፤
የምቀኛዬን ዓይን ያቃጥልልኝ ዛሬ።

ምቀኛው ማን እንደሆነ ግን አንድም ቀን ተጠያይቀን አናውቅም። ቅዳሜ ቅዳሜ ቡሬ እንገበያለን። ጨው ተራውን አልፎ፣ ከግራሩ ሥር ሸክላ ተራ ነበር። ዛሬ እዚያ ቦታ ባለ መስታወት ፎቅ ቆሞበታል፤ ከሥሩ ባጃጅ ተሰልፎ ሽንዲ፣ ሽንዲ ይላል። ባለፈው እናኑን ልጠይቅ ሄጄ ግራሩን ብፈልገው ጉቶው እንኳ የለም። ያኔ ግን ድስት የሚገዛ ሰው ገንዘብ አይቆጥርም ነበር፤ ድስቱን እህል ሞልቶ ለሸክላ ሠሪዋ ይገለብጥላታል፣ ድስቱን ይዞ ይሄዳል። የሚይዘው እህል ዋጋው ነው። ብልጦቹ ዳጉሳ ይሞላሉ፣ ደጎቹ ጤፍ። የሸክላ ተራዋ አውራ ደግሞ የእኛው ሰፈር ሰው አንጓች ነበረች።

አንጓች ከእናቴ የምትበልጥ ሴት ነበረች፤ ግን ሕፃኑም ሽማግሌውም «አንቺ» ነበር የሚላት። ሸክላ ሠሪ ናታ! ጋኗን እንገዛለን፣ ድስቷን እንገዛለን፣ ቤቷ ግን አንገባም። ልጅ ያዘለች ሴት መንገድ ላይ ካገኘቻት ነጠላዋን ሳብ አድርጋ የልጁን ፊት ትሸፍናለች። እኔም ሸፍኜ አውቃለሁ፣ እናቴም ሸፍናለች፣ ማንም ለምን ብሎ አይጠይቅም። አንጓች ዓይኗን መሬት ጥላ ታልፋለች። እጇ ግን እጅ ነበር! አፈሩን ከወንዝ ዳር በጀርባዋ ታመጣለች፣ ታሸዋለች፣ ስታበጀው ደግሞ ከአንገቱ ዝቅ ብላ አውራ ጣቷን አንዴ ጫን ታደርግበታለች። ያቺን ጎድጓዳ ያየ ሰው የአንጓች ነው ይላል፤ በሰፈሩ እሷ የሌለችበት ጓዳ አልነበረም። ራሷ ግን ተረቱ እንደሚለው ነበረች፤ ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች።

እንግዲህ በዚያ ዓመት ኩፍኝ ገባ። ከላይኛው ሰፈር ጀመረና ቤት ለቤት ወረደ። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ሬሳ ወደ ሚካኤል ሲወጣ እናያለን። ባሕታዊው የመጣው ያን ጊዜ ነው። ከቆላው በኩል መጣ አሉ። ፀጉሩ ተገምዶ ትከሻው ላይ ወድቋል፣ ወገቡን በሰንሰለት ታጥቋል፣ ብጫ ቀሚስ ለብሶ ክንድ የሚያህል የብረት መስቀል ይዟል። ደጀ ሰላሙ ላይ ተቀመጠ። እህል አይቀምስም ተባለ፣ አይተኛም ተባለ። እኔም ሄጄ ተሳልሜዋለሁ። ለምን እዋሻለሁ፣ አፌን ከፍቼ ነው ያዳመጥኩት። ሰው ልጁን እየቀበረ ሳለ ምክንያቱን አውቃለሁ የሚለው ሲመጣ የማያዳምጥ ማን ነው? በሦስተኛው ቀን መስቀሉን ወደ ታች፣ ወደ አንጓች ጎጆ ዘረጋው። «ሞቱ የሚወጣው ከዚያች ቤት ነው! የእጇ ሥራ ባለበት ሁሉ ዓይኗ አለ። ሸክላዋን ያልሰበረ ልጁን አያሳድግ! ከእሷ ጋር እሳት የተጫጫረ፣ ውሃ የተቀዳዳ፣ ሰላም የተባባለ፣ በሚካኤል ሰይፍ ገዝቻለሁ!» ግዝት ነው እንግዲህ። በእኛ አገር ግዝት ሲወርድ በሬ የጠመደ ይፈታል፣ የተጣላ ይታረቃል፣ የሰረቀ ይመልሳል። ከመንግሥት ዳኛ የሸሸ ሽፍታ እንኳ ግዝት ሰምቶ ይቆማል።

ሰፈሩ ሲሰባብር ዋለ። የሸክላ መሰበር ድምፅ ከላይ ቤት እስከ ታች ቤት ሲሰማ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ሙላትም የእኛን አወጣቸውና አንድ በአንድ ድንጋይ ላይ ፈጠፈጣቸው፤ ሽሮ ድስቴን፣ የእርጎ ማሰሮዬን፣ ውሃ የምወርድበትን እንስራ። ከእንስራዋ አንገት ላይ አንድ ሰፊ ገል ተፈንጥሮ እግሬ ሥር አረፈ። የአውራ ጣቷ ምልክት ያለበት ነው። ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ቀሚሴ ሥር ሸጎጥኩት። በዚያው ሳምንት እናኑን ትኩሳት ያዛት። ገና ጡት ላይ ነበረች፤ ሰውነቷ ሽፍ ብሎ፣ ዓይኗ ተጣብቆ፣ ጡቴን እንኳ የምትስብበት አቅም አጣች። ከቡሬ ጤና ጣቢያ መድኃኒት አመጣንላት፣ ጸበልም አጠመቅናት። አማቴ ግን «ከዚያች ሴት ጋር መንገድ ላይ ሰላም ተባብለሽ ሳይሆን አይቀርም» አለችኝ። ሰላም አላልኳትም ነበር። ላለማለቴ ግን ልቤ ይቆጠቁጠኝ ጀመር፤ አንጓች ጎጆዋ ውስጥ እሳት ጠፍቶባት፣ ክብሪት የሚሸጥላት አጥታ፣ ጥሬዋን እየቆረጠመች እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን።

የንስሐ አባቴ ቄስ ውብነህ ናቸው፤ ነፍሳቸውን ይማረውና። ጤፍ እያጨዱ ማሳ ላይ አገኘኋቸው። «አባቴ፣ ያ ግዝት ይይዛል ወይ?» አልኳቸው። ማጭዳቸውን ጣሉና ዞር ዞር ብለው ሰው መኖሩን አዩ።

«ብርጓል ልጄ፣ እኔ ፈሪ ሰው ነኝ» አሉ። «ሕዝቡ ለሰውዬው አድሯል። ዛሬ ተው ብለው ነገ የሚያስቀድስልኝ የለም።»

«ፍርሃትዎንማ አየሁት። ለእኔ ምን ይሉኛል?»

«ሱባኤ ያዢ። የምታጠቢ ነሽና ጾሙን አላጠብቅብሽም። ብቻ ምልክት አትለምኚ፤ ማስተዋል ለምኚ። ምልክትማ ጠንቋይም ይሰጣል።»

«ማስተዋል መምጣቱን በምን አውቀዋለሁ?»

ማጭዳቸውን አነሡ፤ ትንሽ አጨዱ፤ ከዚያ ቀና ሳይሉ ተናገሩ። «ቃል ከእግዜር የመጣ እንደሆነ መጀመሪያ የሚከብደው በተናጋሪው ጫንቃ ላይ ነው። የዚህ ሰውዬ ቃል የከበደው በማን ላይ ነው? እሱን መርምሪ።» ያን ቀን ተናድጄባቸው ተመለስኩ፤ ቄስ ሆነው ይሄን በእኔ በአንዲት እመጫት ላይ ይጥላሉ ብዬ። ዛሬ ሳስበው ግን ፈሪም ሆነው እውነቱን ነግረውኛል። ደፍሮ ሐሰት ከሚናገር ፈርቶ እውነት የሚናገር ይሻለኛል።

ሱባኤዬን ያዝኩ። በርበሬ እየለቀምኩ፣ እናኑን አዝዬ፣ «ጌታዬ ማስተዋል ስጠኝ» እላለሁ። በዚያ ሰሞን ሕልም የማያይ ሰው አልነበረም። አንዷ አንጓች ጅብ ሆና ስትጋልብ አየሁ ትላለች፤ አንዷ እንስራ ውስጥ ዓይን አየሁ ትላለች፤ አማቴ ሦስት መላእክት መጡብኝ አለች። እኔ ምንም አላየሁም። ስተኛ እንደ ግንድ ነው የምተኛው፤ ቀን በርበሬ ሲለቅም የዋለ ሰው ሕልም የት ያገኛል? ኃጢአቴ ነው እንዳላይ ያደረገኝ ብዬ አለቅስ ነበር። ብርሃን የሚወርድ፣ ድምፅ የሚመጣ መስሎኛላ! አልመጣም። ዛሬም ድረስ አልመጣም።

የመጣው ሌላ ነው። የሚካኤል ዋዜማ ለእናኑ ጸበል ልቀዳ ወደ ደብሩ ወጣሁ። ለክብረ በዓሉ ብለው የቤተ ልሔሙን ዕቃ አጥበው ግንቡ ሥር ፀሐይ ላይ አስጥተውታል። የቅዳሴው ኅብስት የሚቦካበት ውሃ የሚቀዳበት እንስራ አለ፤ አጠገቡ የጸበሉ ጋን አለ። ጎንበስ ብዬ ላልፍ ስል ከእንስራው አንገት ዝቅ ብሎ ያቺን ጎድጓዳ አየኋት። ጋኑንም አየሁት፤ አለች። አውራ ጣቴን ከተትኩባት። ልክ ነው። ስንት ዘመን እዚያ ኖራለች! እያንዳንዳችን ቆርበንበታል፣ ተጠምቀንበታል፤ ሰባብረን የጣልነው ሸክላ ልጆቻችንን ያደርቃቸዋል ስንል የአንጓች እጅ ቤተ ልሔም ውስጥ ተቀምጧል። መጀመሪያ ሳቅኩ። ከዚያ ቁጣ መጣብኝ፤ እንዲህ ያለ ቁጣ በዕድሜዬ ተቆጥቼ አላውቅም። ሰማይ ቢከፈት ከዚህ የበለጠ ምን ይነግረኝ ነበር? ዓይኔን ነው የከፈተልኝ፣ ሕልሜን አይደለም።

በማግሥቱ ታቦቱ ገባ፤ ሕዝቡ በየዋርካው ሥር ዳቦና ጠላ ይዞ ተቀመጠ። ባሕታዊው ደጀ ሰላሙ ላይ ቆሞ የግዝቱን ነገር እንደገና ያነሣው ጀመር። እኔ እናኑን አዝዬ፣ ከአጥሩ አንድ ድንጋይ አንሥቼ፣ በወንዶቹ መሐል አልፌ ፊቱ ቆምኩ።

«አባ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ።»

«ሴት በዚህ ስፍራ አትናገርም!»

«እናገራለሁ። የአንጓች እጅ የነካው ይሰበር ብለዋል፤ እኛም ሰብረናል። ያ ግንቡ ሥር ያለው የጸበሉ ጋን ነው፣ አጠገቡ ያለው የቤተ ልሔሙ እንስራ ነው። ሁለቱም የእሷ ናቸው፤ አውራ ጣቷ ይኸውላችሁ። ድንጋዩን አምጥቻለሁ። ባርከው ይጀምሩልን።»

ድንጋዩን እግሩ ሥር አኖርኩለት። ከወደ ኋላ አንድ ሰው አነጠሰ። ባሕታዊው ጋኑን አየ፣ ሰዉን አየ፣ እኔን አየ። «ይህ የእሷ አንደበት አይደለም! እሰሯት! ያደረባት መንፈስ በጸበል ይለፈልፋል!» አለ። ያን ጊዜ ቄስ ውብነህ ከመነሣት ያነሰ፣ ከመቀመጥ የበለጠ ነገር አደረጉ፤ መቋሚያቸውን ይዘው ግማሽ ጎናቸው ብድግ አለ። «እንስራውን የሚነካ እንዳይኖር» አሉ ቀስ ብለው፣ «ስንቀድስበት ኖረናል።» መልሰው ተቀመጡ። ያችው ናት የእሳቸው ጀግንነት፤ እኔ ግን አልናቅኋትም። ባሕታዊው መስቀሉን ወደ እኔ አዞረ። «እሺ! እሳት የሰጠሻት እንደሆነ፣ ያዘልሻትን በዓይንሽ እያየሽ ትቀብሪያታለሽ!» እናኑ ጀርባዬ ላይ ትቃትታለች። ሙላት ክንዴን ይዞ እየጎተተ ወሰደኝ። «አጥብቆ ጠያቂ የእናቱን ሞት ይረዳል አሉ» ይለኛል፣ «አንቺስ የልጅሽን ልትረጂ ነው ወይ?»

ቤት ስገባ ምድጃዬ ውስጥ ፍሙ ቀይ ነበር። ያንን የሸሸግኩትን ገል አወጣሁት፣ አመድ አለበስኩት፣ ፍም ጫርኩበት። ፈራሁ ወይ ብትሉኝ፣ እንዴት አልፈራ! ልጄ ብትሞት አገሩ በሙሉ አንቺ ነሽ የገደልሻት እንደሚለኝ፣ ሙላትም እንደሚለኝ፣ ምናልባት እኔም ለራሴ እንደምለው አውቃለሁ። ግን የቄሱን ሚዛን ይዤዋለሁ። የሰውዬው ቃል እሱን ምን አስከፈለው? ምንም። ማር ሳይቀር እየቀረበለት ነው። ማንን አስራበ? አንዲት ባልቴት። እንዲህ ያለውን ቃል ለመጣል መልአክ እስኪመጣ የምጠብቀው ለምንድን ነው? እናኑን እቤት ትቼ ልሂድ ብዬ አሰብኩና ተውኩት። ልጅሽን ደብቀሽ መጣሽ እንዳይሉኝ አዘልኳት፤ ነጠላዬንም ከፊቷ ላይ ገለጥኩት።

አንጓች ጓዟን ሸክፋ ደጇ ላይ ተቀምጣለች። ያልተተኮሱ ድስቶች ኩበትና ጭራሮ ተከምሮባቸው እሳት ይጠብቃሉ። ስታየኝ ተነሥታ እጇን አራገበች።

«አትቅረቢ! ልጅ አዝለሻል፣ አትቅረቢ!»

«እሳት አምጥቼልዎታለሁ፣ እማማ አንጓች።»

ወደ ኋላዋ ዞራ አየች። «እርስዎ» የተባለው ማን እንደሆነ መፈለጓ ነው። ከኋላዋ ግድግዳ ብቻ ነበር።

«ግዝት አለ» አለችኝ። «ልጅሽ ብትሞትስ?»

«ብትሞት ኩፍኝ ነው የሚገድላት። እርስዎ አይደሉም።» ይሄን ስል እንባዬ መጣ። ገሉን አስቀምጬ ተቀመጥኩ። አንጓች ፍሙን አየችው፣ ከዚያ ገሉን አየችው፤ የራሷን አውራ ጣት አወቀችው። አላለቀሰችም። ሲበዛባት እንባ የሚደርቅባት ሴት ነበረች።

«እሳት የሚሰጠኝ ያጣሁት ዘንድሮ ነው» አለች። «እሳት ልጫር ብሎ ደጄ የመጣ ግን ከተወለድኩ የለም። ድስቴ እናንተ ቤት ይገባል፤ እሳቴ ከደጄ ወጥቶ አያውቅም።»

ክምሩን አቀጣጠለችው። ኩበቱ ጤሰ፣ ጭራሮው ተንጣጣ፣ ድስቶቹ ነበልባል ውስጥ ቀሉ። እስኪነድ ድረስ አብሬያት ተቀመጥኩ፤ እናኑ እሳቱን በዚያ በተጣበቀ ዓይኗ ለማየት ትታገል ነበር። ሲፋጅ ተነሣሁና «በሉ እንግዲህ እማማ፣ ከእርስዎም እሳት ልጫር» አልኳት። ከዚያ በገዛ እጇ፣ ከመሐሉ፣ ደህናውን ፍም መርጣ ገሉ ላይ ሞላችልኝ። ይዤው ወጣሁ። በጓሮ መሄድ እችል ነበር፤ በሚካኤል ደጅ፣ በሕዝቡ ፊት፣ በቀን ሄድኩ። ገሉ ጣቴን ይፈጀኛል። ማንም አልነካኝም፤ መንገድ እየለቀቁ ያዩኛል፤ አንዳንዷ ዓይኗን ጨፈነች። ቤቴ ገብቼ በዚያ እሳት ለእናኑ አጥሚት ሠራሁላት። ሙላት ያን እሳት ቤቴ ውስጥ አላይም ብሎ ወንድሙ ዘንድ ሄደ፤ ሰንብቶ ተመለሰ። ምን ይሆናል፣ እሳቱ እንደሆነ አልጠፋም።

እንግዲህ እናኑ ተነሣች ብዬ ተረቱን አሳምሬ ብጨርሰው ደስ ባለኝ። ተነሥታለች፤ ግን ኩፍኙ አንድ ዓይኗን ጋረደው። እስከ ዛሬ በዚያ ዓይኗ ጥላ ጥላ ብቻ ነው የሚታያት። የአገሬ ሰው «ግዝቱ ዓይኗን ወሰደው» አለ፤ አማቴ ይህንኑ እንዳለች ሞተች። ሸክላቸውን የሰበሩት፣ አንጓችን ውሃ የከለከሉት፣ ከልጆቻቸው የቀበሩ አሉ፤ የእነሱን ማን ወሰደው? እኔ ደግሞ ልጄ በመትረፏ ልክ ነበርኩ አልልም። ብትሞትብኝም ያው ነበር። እየጮህኩ እቀብራትና ለአንጓች እሳት እወስድላት ነበር። ይህን የምለው ልቤ ደንድኖ አይደለም፤ ያን ቀን ገሉን ሳነሣ እንደምትተርፍ የነገረኝ ስላልነበረ ነው። ባሕታዊው ከገና በፊት ወደ ሌላ አገር አለፈ። ሰዉ ደግሞ ድስት ሳይኖረው አይኖርምና፣ አንድ በአንድ፣ ዓይኑን እያሸ፣ ተመልሶ ወደ ሸክላ ተራ ሄደ። ይቅርታ ያላት የለም። ድስቱን እህል ሞልተው ገለበጡላት፤ እንደ ድሮው ዳጉሳ። አንጓች ጓዟን ፈትታ እስክትሞት እዚያው ኖረች፤ እኔም እሳቴ ጠፋ ባልኩ ቁጥር ሌላ ቤት አልሄድኩም።

«ግዝት አፍራሿ» የሚል ስም ወጣልኝ። ፍኖተ ሰላም ከገባሁ ወዲህ እንኳ ከዚያ አገር የሚመጣ ሰው ሹክ ይለዋል። ይበሉኝ! ጾሜን አልፈታሁም፣ ሚካኤልን አልከዳሁም፣ መስቀል አልናቅኩም። እዚያች ጋን አጠገብ ጎንበስ ብዬ ያየሁትን ነው ያመንኩት። ትናንት ሰንሰለት ታጥቆ በእግሩ ይመጣ የነበረው ዛሬ በስልክ መጣ፤ እግሩ እንኳ አቧራ አልነካውም። ያኛው ቢያንስ ፊቱ ይታይ ነበር፤ ድንጋይ አምጥቼ እግሩ ሥር አኖርኩለት። ለዚህኛው የት አኑርለት? ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ። እኛ ደግሞ የምንጠረጥረውን ብንመርጥ ምን ነበረበት? ጎረቤታችንን እንጠረጥራለን፣ ፊት የሌለውን ድምፅ እናምናለን።

ትዕግሥት ወደ ማምሻው ተመለሰች። ሁለት ሌሎች ሴቶች አስከትላለች፤ ደጄ ላይ ቆሙ። «እማማ፣ እሺ ይሉናል አይደል?» አለችኝ። በርበሬዬን ሰብስቤ፣ ጆንያውን ቋጥሬ፣ እጄን ታጠብኩ። መብራት ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቶ ነበር፤ በዚህ ከተማ መብራት መጥፋቱ አዲስ አይደለም። ምድጃዬ ቀዝቅዟል። በመንገዱ ማዶ ግን ከአበባ ግቢ ጢስ ይወጣል፤ ጠላ ጠማቂ መቼም እሳት አያጣት። ጓዳዬ ገባሁና ከቁም ሳጥኑ በላይ በጨርቅ ተጠቅልሎ የኖረውን ገል አወረድኩት። ጠርዙ ተሸርፏል፣ ጠቁሯል፤ አውራ ጣቷ ግን አለች። አመድ አለበስኩት።

«እማማ፣ ምን ሊያደርጉ ነው?» አለች ትዕግሥት።

«መልሴን ልሰጥሽ ነው። ነይ ከፈለግሽ ተከተይኝ፤ ልጅሽንም አምጪው።»

በመሐላቸው አልፌ መንገዱን ተሻገርኩ። ጉልበቴ እንደ ድሮው አይደለም፤ ቀስ እያልኩ ነው የሄድኩት። የአበባ በር ተዘግቷል፣ መስኮቷም ተዘግቷል፤ ቀኑን ሙሉ ሰላም የሚላት ያጣች ሴት ነገሩን ሳታውቀው አልቀረችም። በመዳፌ መታሁት። ከውስጥ ኮቴ ተሰማኝ፣ ቆመ። መልሼ መታሁት። በሩ በጠባቡ ተከፈተና ያበጠ ዓይኗ ታየኝ።

«እማማ... እኔ ጋ ነው የመጡት?»

«አንቺ ጋ ነው፣ አበባዬ» አልኳት፣ ከኋላዬ የቆሙት እንዲሰሙ አድርጌ። «እሳት ልጫር መጥቼ ነው።»